ለብቻ የማይከፈት ሶፋ

ጉጠትን አንድ ተራ ቀን ምን ያህል ያስወጣታል ቢባል፣ ሒሳቡ በገንዘብ የሚሠራ አይደለም። መጀመሪያ የጫማ ሶል ያስወጣታል። ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ሥራ ቦታዋ ቀጥ ያለ መንገድ እያለ፣ እሷ በጎሚስታው በኩል ዞራ፣ የትምህርት ቤቱን አጥር ታክካ፣ ጭቃውን ዘላ ነው የምትደርሰው። ቀጥተኛው መንገድ ላይ ሰማያዊ በር ያለው መጠጥ ቤት አለ፤ በሩ ደግሞ ከማለዳ ጀምሮ ወለል ብሎ ነው የሚውለው። ቀጥሎ ከረሜላ ነው። የናና ከረሜላ፣ ኪስ ሙሉ፤ አፏ ሥራ ሲፈታ የሚመጣባትን ሐሳብ የምትሸነግልበት። ከዚያ ደግሞ ፈገግታ ያስወጣታል፤ ጎረቤት "አንድ ብቻ ብትቀምሺ ምን ትሆኛለሽ?" ሲላት፣ ሳትቆጣ "ይቅርብኝ" የምትልበት ፈገግታ። በመጨረሻም አመሻሽ ላይ አንድ ስልክ። ስልኩ አጭር ነው።

"አለሁ ጋሼ" ትላለች።

"እኔም አለሁ" ይላታል ከወዲያ።

በቃ፣ ይኸው ነው። ይህን ሁሉ ከፍላ ስትተኛ ቀኑ የራሷ ይሆናል። ሲነጋ እንደገና ከሀ ይጀመራል።

ጉጠት የእናት የአባት ስሟ አይደለም። ጉጠት ሚስማር የሚነቀልበት መሣሪያ ነው። ስሙን ያወጡላት የሥራ ጓደኞቿ ናቸው፤ አንድም መሣሪያው ከእጇ ስለማይለይ፣ አንድም ክርክር ከጀመረች ነክሳ ስለማትለቅ። ሙያዋ አሮጌ ሶፋ ማደስ ነው። የምትሠራውም ከመጠጥና ከሌላ ሱስ ለመላቀቅ የሚታገሉ ሰዎችን በሚረዳ አንድ አነስተኛ የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ነው። ድርጅቱ ረጅም ስም አለው፤ ግን በረጅሙ የሚጠራው ሰው የለም። ሁሉም "ቤቱ" ነው የሚሉት። የሰፈር ሰው የተቀደደ ሶፋውን፣ እግሩ የወለቀ ወንበሩን ለቤቱ ይሰጣል፤ የቤቱ ሰዎች አድሰው ይሸጡታል፤ ቤቱም በዚያ ይተዳደራል።

ቀድሞ ጋራዥ ነበር። ወለሉ ላይ የዘይት ጥቁር ነጠብጣብ አሁንም አለ፤ ምንም ቢፈገፈግ አልለቅ ብሏል። በአንዱ ጥግ የስፖንጅ ክምር፣ በሌላው ጥግ እግር የሌላቸው ወንበሮች፣ መሀል ላይ ረጅም ጠረጴዛና ከሁሉም ሰው ጋር የተጣላች አንዲት አሮጌ የስፌት መኪና።

ሶፋ ሲታደስ መጀመሪያ በጀርባው ይገለበጣል፤ እግሩ ወደ ጣሪያ ይቆማል። ከዚያ ከሥሩ የተወጠረው ጥቁር ጨርቅ ሚስማሩ አንድ በአንድ እየተነቀለ ይገፈፋል። ሆዱ ሲከፈት የማይወጣ ነገር የለም። ማበጠሪያ፣ የጆሮ ጌጥ፣ የቴሌቪዥን ሪሞት፣ ጎዶሎ ካልሲ። አንድ ጊዜማ ሰው ሠራሽ ጥርስ ወጣ። ሶፋውን የሰጡት አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጥርሱን ሊወስዱ ሲመጡ አገላብጠው አዩትና፣ "እኔ እኮ ሚስቴን ነበር የምጠረጥረው" ብለው ቤቱን በሳቅ ገደሉት።

አንዳንዴ ግን ጠርሙስ ይወጣል። "ሰው እንዴት በሶፋ ሆድ ውስጥ ጠርሙስ ያስቀምጣል?" ብሎ የሚገረም እዚያ ቤት አይገኝም። ሁሉም ያውቁታላ። ሶፋ ገና ከመኪና ሲወርድ፣ "እኔ ብሆን በግራ ክንዱ በኩል ነበር"፣ "ኧረ የለም፣ ከጀርባው ዚፕ ሥር ነው" እየተባባሉ ይቀልዳሉ፤ ቀልዳቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ አይስትም። ስለዚህ አንድ ደንብ አላቸው። ማንም ሰው ሶፋ ለብቻው አይከፍትም። የሁለተኛው ሰው ሥራ ይህን ያህል አይደለም። ጨርቁን ያዝ ያደርጋል፣ የተነቀለውን ሚስማር በቆርቆሮ ይሰበስባል፣ አጠገብ ይቀመጣል።

ደንቡን ያመጣው ጋሽ ሹፌር ነው። ቀድሞ የረጅም ርቀት አውቶቡስ ይነዳ ነበር፤ መጠጡ መሪውን ከእጁ ነጠቀው። አሁን የቤቱን አሮጌ ፒካፕ እየነዳ ከየሰፈሩ ሶፋ ይሰበስባል። ጉጠት አመሻሽ ላይ የምትደውለውም ለእሱ ነው። በፊት በፊት አንድ ባለ ክንድ ወንበር ብቻውን ከፍቶ ጠርሙስ አገኘ። ከዚያስ ምን ሆነ ሲባል፣ "ከዚያማ ወንበሩ ሳይታደስ ቀረ" ይላል። ሌላ አይጨምርም።

ወደ ቤቱ የመጣ ሰው ሁሉ የመጣበት ታሪክ አለው። አንዱን ሚስቱ አመጣችው፣ አንዱን ፖሊስ። ጉጠትን ያመጣት ግን አንድ ቀዳዳ ነው።

ያኔ ከትንሽ ልጇ ጋር በታላቅ እህቷ ቤት ትኖር ነበር። እህቷ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት፤ ሕፃናት የደበቁትን ስታወጣ የኖረች ስለሆነች ማንም አያታልላትም። ጠርሙሱን ከውሃ በርሜል ውስጥ አወጣች፣ ከቦቲ ጫማ ውስጥ አወጣች፣ ከብርድ ልብስ እጥፋት አወጣች። ጉጠት መሸሸጊያ ስታጣ ወደ ሙያዋ ዞረች። የሳሎኑን ሶፋ የሥር ጨርቅ ከግራ እግሩ አጠገብ እጅ በሚያስገባ ልክ ቀደደችና ጠርሙሷን እዚያ ከተተችው። ተሳካላት። እህቷ ቤት ስትፈትሽ ትውልና ሲደክማት ላዩ ላይ ትቀመጣለች!

አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ እህቷ ወጥ ቤት ሳለች፣ ጉጠት የሌሊቱ ስካር ሳይለቃት ወለሉ ላይ በሆዷ ተኛችና እጇን ከሶፋው ሥር ሰደደች። ቀዳዳው የለም። ጨርቁ ድፍን ነው። ወደ ቀኙ እግር ሄደች፤ የለም። ከኋላ ሞከረች፤ የለም። በገዛ እጇ የቀደደችው ቀዳዳ ድራሹ ጠፋ።

ያስደነገጣት የመጠጡ ነገር አልነበረም። ቀዳዳው ከሌለ አልቀደድኩትም ማለት ነው፤ ካልቀደድኩት ጠርሙስም አልነበረም፤ እንግዲያው አብጃለሁ አለች። በነጠላ ጫማ እንደሆነች ከቤት ወጣች። በሩ ላይ የተሰቀለውን ማስታወቂያ ብቻ ታውቀው ወደነበረው የድሮ ጋራዥ ሄዳ በሩ ላይ ላገኘቻት ነርስ፣ "እባክሽ እህቴ፣ ሳላብድ አልቀረሁም፤ ቀዳዳ ጠፍቶብኛል" አለቻት። ነርሷ አልሳቀችም። "ግቢ፣ አብረን እንፈልገዋለን" ብላ አስገባቻት። ሌሎቹ ግን እስከ ዛሬ አልማሯትም። መቀስ በጠፋ ቁጥር፣ "እንደ ጉጠት ቀዳዳ የት ገባ ይሄ ነገር?" ይላሉ።

ይህ ከሆነ ዓመት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ ጠብታ አልቀመሰችም። ልጇ አክስቷ ዘንድ ቀረች። የፊት ጥርሶቿ ክፍተት ስላላቸው ሁሉም "ፍንጭት" ነው የሚሏት። እናትና ልጅ እሑድ እሑድ በቤቱ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ይገናኛሉ፤ አክስት ራቅ ብላ ትቀመጥና ጋዜጣ ታነባለች፤ ገጽ ግን አትገልጥም። ቃሏ አንድ ነው። "ቤቴ ውስጥ አንድ ጠርሙስ ካየሁ፣ ያቺን ደጃፍ ዳግም አትረግጫትም።" ክፋት አልነበረም። ልጅቷን እንቅልፍ ሲነሳት አብራት ነቅታ ያደረችው እሷ ናት።

አንድ እሑድ ግን እህትየው ጋዜጣዋን አጥፋ መጣች።

"ሶፋው ጎድጉዷል።"

"የቱ ሶፋ፣ እትዬ?"

"ስንት ሶፋ ነው ያለኝ? የሳሎኑ ነዋ! እንግዳ ሲቀመጥበት ጉልበቱ ከአገጩ ይጋጫል። ቅዳሜ መጥተሽ ሥሪልኝ።"

ጉጠት ጆሮዋን አላመነችም። "ቤት ልምጣ?"

"ምን፣ ተሸክሜ እንዳመጣልሽ ነው?"

ፍንጭት ከአክስቷ ጀርባ ሆና ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ድምፅ በሌለው ጭብጨባ ትዘላለች። እህትየው ጥቂት ሄድ ብላ ተመለሰች። "ነገሩ ደህና ከሄደ፣ የትንሿን ክፍል ነገር እናያለን" አለች። ትንሿ ክፍል እናትና ልጅ አብረው ይተኙባት የነበረችው ናት። "ስትመጪ ደግሞ ገና በሩ ላይ እጅሽን ትታጠቢያለሽ!" ቀኑን ሙሉ ሕፃናት ስታሠለጥን ስለምትውል፣ ለትልቅ ሰው የሚሆን ሌላ አነጋገር አልፈጠረባትም።

ደስታው ጉጠትን እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው አደረሳት። እዚያ እግሯ ቀጥ አለ። ጠርሙሱ! ያኔ ካላበደች፣ ጠርሙሱ ዛሬም እዚያው ነው።

በማግስቱ ከጋሽ ሹፌር ጋር አንድ ሶፋ ገልብጠው ሚስማር ሲነቅሉ፣ እንደዋዛ ጣል አደረገችው።

"ጋሼ፣ የራስ ሶፋስ ለብቻ ይከፈታል?"

"የራስማ ጭራሽ!" ቆርቆሮውን አስቀመጠ። "ምን ተገኘ?"

ነገረችው።

"እኔ ልምጣ?"

"እህቴ አንተን ካየች ሶፋውን ትታ አንተን ነው የምትከፍትህ።"

"እንግዲያው ሁለተኛ ሰው እዚያው ፈልጊ።"

"እዚያ ያለችው እሷ ናት።"

"እሷስ ሰው አይደለችም?"

"ጋሼ፣ ብነግራት በሩን ትዘጋብኛለች። ልጄን…"

አላባበላትም። "ልትዘጋብሽ ትችላለች" አለ። "እሱን እኔ አላውቅም። እኔ የማውቀው፣ ብቻችንን ስንሆን እጃችን ማንን እንደሚሰማ ነው።" ቆርቆሮውን አንስቶ አንኳኳው። "ከረሜላ አለሽ?"

"አለኝ።"

"ጨምሪበት።"

ቅዳሜ ጠዋት ስፖንጅ በጥቅል፣ ጥቁር ጨርቅ፣ ሚስማርና ጉጠቷን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። እህቷ አቅፋ ሳመቻት፤ አሳሳሟ ረዘም አለ። ጉጠት ገባት፤ የሚስማት አፍንጫ ነው። አልከፋትም። ናናውን ኡፍ ብላ በደንብ ሰጠቻት።

እጇን ታጠበች። ገባች። መጋረጃው ያው ነው፤ ግድግዳው ላይ የፍንጭት ቁመት በእርሳስ የተሰመረባቸው መስመሮች ግን እሷ ሳታይ ወደ ላይ ሄደዋል።

"እኛ ሱቅ ደርሰን እንመጣለን" አለች እህትየው ፌስታል ይዛ። ከዚያ የበሩን ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ሁለቱም ቁልፉን አዩት።

በሩ ተዘጋ። ጉጠት ሶፋውን በክንዱ ይዛ ገለበጠችው። ውስጡ አንድ ነገር ተንከባለለና ከእንጨት ጋር ተጋጨ፤ ፈሳሽም ተንቦጫረቀ።

አላበድኩም! መጀመሪያ የመጣላት ይህ ነው፤ ደስ አላት እንኳ። ከዚያ አፏ ደረቀ።

ጎንበስ ብላ የግራውን እግር አየች። ቀዳዳው ቦታው ላይ ነው። ግን ተሰፍቷል። በቀይ የሱፍ ክር፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር፣ ጨርቁን እንደተኮሳተረ ግንባር ሰብስቦ። የራሷ ስፌት አይደለም። የእህቷም ሊሆን አይችልም፤ እህቷ የሸሚዝ ቁልፍ ሲበጠስባት በመርፌ ቁልፍ የምትይዝ ሴት ናት።

መቀሱ እጇ ውስጥ ነው። ክሩን ብትበጥሰው፣ ጠርሙሱን አውጥታ ውጭ ወስዳ ብትደፋው፣ እነሱ ሳይመለሱ ሁሉም ያልቃል። ማን ያያል? ማንም አይጎዳም። ዝም ብዬ እደፋዋለሁ፣ አለች በሆዷ። ድምፁ የራሷ ነበር። ግን ታውቀዋለች፤ "አንድ ብቻ" የሚላትም ይኸው ድምፅ ነው።

መቀሱን ቁልፉ አጠገብ አስቀመጠችው። ወጥታ የበሩ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ኪሷን ፈትሻ ያገኘችውን ከረሜላ ሁሉ ባንዴ አፏ ውስጥ ጨመረች።

ሲመለሱ እዚያው ጉንጯ አብጦ አገኟት።

"ምነው፣ ጨረስሽ እንዴ? አፍሽ ውስጥ ያለው ምንድነው?"

"ከረሜላ።"

"ከምሳ በፊት!"

"እትዬ" አለች ጉጠት፤ ከረሜላው ምላሷን ቢያስራትም አላቆመችም። "ሶፋውን ብቻዬን አልከፍተውም። ውስጡ ጠርሙስ አለ። ያኔ፣ ሳልሄድ በፊት ያስቀመጥኩት ነው። ልነግርሽ ፈርቼ ነበር። ብታባርሪኝም እሄዳለሁ። ብቻዬን ግን አልከፍተውም።"

ፌስታሉ ከእህትየው እጅ ዝቅ ዝቅ አለ። አንድ ብርቱካን አምልጦ በደረጃው ወረደ፤ ማንም አልተከተለውም።

"ላዩ ላይ ተቀምጬ ነው የከረምኩት?"

"ላዩ ላይ፣ እትዬ።"

በዚህ መሀል ከኋላ የቀጠነ ድምፅ መጣ።

"እኔ ነኝ የሰፋሁት።"

ሁለቱም ዞሩ። ፍንጭት የቀሚሷን ጫፍ በጣቷ እየጠቀለለች ቆማለች።

"በእጅ ሥራ ክሬ። እማ እጇን ስትከት አየኋት። ከተሰፋ እጇ አይገባም፣ ከዚያ ትተወዋለች ብዬ።"

"ታዲያ ለእኔ አትነግሪኝም ነበር?" አለች አክስት።

"ብነግርሽ ታባርሪያታለሽ።"

እህትየው ቀስ ብላ ደረጃው ላይ፣ ጉጠት አጠገብ ተቀመጠች።

"ከዚያ ግን ሄደች" አለች ፍንጭት፤ እንባዋ መጣ። "ሰፋሁትና ሄደች። እማ፣ እኔ ስለሰፋሁት ነው የሄድሽው፣ አይደል?"

ልጅቷ ይህን ጥያቄ ብቻዋን ይዛው ከርማለች። እሑድ እሑድ አግዳሚው ላይ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ጎረቤት ድመት ስታወራ፣ ይሄ ውስጧ ተሰፍቶ ተቀምጧል። ጉጠት ከደረጃው ወርዳ ፊቷ ተንበረከከች።

"አዎ፣ የኔ ቆንጆ። ስለሰፋሽው ነው የሄድኩት። ባትሰፊው ኖሮ እዛው ሶፋ ሥር እቀር ነበር። እጄን ሰድጄ ቀዳዳው ሲጠፋብኝ፣ ያበድኩ መስሎኝ በነጠላ ጫማ ሮጥኩ። እንዲያውም ነርሷን ምን እንዳልኳት ታውቂያለሽ? 'ቀዳዳ ጠፍቶብኛል' አልኳት!"

ፍንጭት ትንሽ አሰበች። "ቀዳዳ ጠፋብኝ ትያለሽ እንዴ?"

"አልኳ!"

"እና እዛ የወሰደሽ የኔ ስፌት ነው?"

"ያንቺ ስፌት ነው። ሙያዬን ያሳፈረ ስፌት!"

ልጅቷ እንባዋ ሳይደርቅ ያ የጥርሷ ክፍተት ታየ። እህትየው በመሀረቧ አፍንጫዋን ጠረገችና ብድግ አለች።

"በሉ ሁላችሁም ግቡ። እጃችሁን ታጠቡ!"

ለሦስት ከፈቱት። ፍንጭት ቆርቆሮውን ያዘች፣ አክስት ጨርቁን ወጠረች፣ ጉጠት ቀዩን ክር በመቀስ አልበጠሰችውም፤ በመርፌ ጫፍ እየፈታች ጣቷ ላይ ጠቀለለችው። ጠርሙሱ ሲወጣ ጉጠት ዓይኗን ወደ ግድግዳው መስመሮች፣ ወደ ልጇ ቁመት አዞረች። እህትየው አንገቱን በሁለት ጣት፣ የሞተ አይጥ እንደያዘ ሰው ይዛ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። ቧንቧው ተከፈተ። ብዙ ፈሰሰ። ተዘጋ። ስትመለስ እርጥብ እጇን ወደ ፊት ዘርግታ አሳየቻቸው።

"ታጠብኩ" አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። የላላው ስፕሪንግ ተወጠረ፣ የሟሸሸው ስፖንጅ ተለወጠ፣ አዲስ ጥቁር ጨርቅ ተመታ። በግራ እግሩ በኩል የቀረውን ጫፍ ፍንጭት በዚያው በቀይ ክር ሰፋችው። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። ጉጠት አላረመቻትም።

እህትየው ተቀምጣ ሞከረችው፤ ነጠር ነጠር አለች።

"አገጬ ተረፈ" አለች። ከዚያ ወደ መስኮቱ እያየች፣ "የትንሿ ክፍል ፍራሽም ጎድጉዷል።"

"ማን ነው የሚተኛበት?"

"አንቺ ነሻ! ማን መሰለሽ?" ኮስተር አለች። "ጠዋት ጠዋት ግን አሸትሻለሁ።"

"አሽትቺኝ፣ እትዬ።"

አመሻሽ ላይ ስልኩ ተደወለ።

"አለሁ ጋሼ።"

"እኔም አለሁ። ተከፈተ?"

"በሦስት ሰው።"

"ደንቡን አሻሻላችሁታ!"

ዛሬ ጉጠት ሥራ የምትመጣው ከእህቷ ቤት ነው፤ አሁንም በጎሚስታው በኩል ዞራ። ይህን ለምታነቡ ሁሉ ደግሞ አንድ ልመና አላት። እንዲህ ትላለች፦

"አሮጌ ሶፋ ካላችሁ ስጡን። ሆዱ ውስጥ ምን ይኖር ይሆን ብላችሁ አትፈሩ፤ እኛ ያየነውን አናወራም። ከሶፋው የበለጠ ያጠረን ግን ሁለተኛ ሰው ነው። አንዳንድ ቀን ሁላችንም በየሥራችን ተይዘን፣ አንድ ሶፋ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው አጥቶ እግሩን እንዳነሳ ይውላል። ሙያ አያስፈልግም፣ ምክርም አያስፈልግም። አንድ ከሰዓት ብቅ በሉና አጠገባችን ተቀመጡ፤ የሚስማሩን ቆርቆሮ ያዙልን።"